የሕዝብ ሽንት ቤት ለወንድና ለሴት መለየት አለበት ወይ?

ርዕሱን አይታችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ይህን ርዕስ ስመርጥ የክፍሌ ልጆችም ስቀውብኛል፤ «ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው?» ያለኝም አለ። የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን ግን «ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበትን፣ ማንም ደግሞ የማይጽፍበትን አንድ ነገር አብራሩ» የሚል ሥራ ሲሰጡን ወዲያው ትዝ ያለኝ ያ የአውቶቡስ ጉዞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለመስክ ጉብኝት በአንድ አውቶቡስ ከከተማ ወጣን። ከጎኔ የተቀመጠችው የክፍላችን ልጅ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውኃ አልቀመሰችም። ሙቀቱ ደግሞ የሚቻል አልነበረም። «ጠጪ እንጂ» ብዬ የያዝኩትን ውኃ ሰጠኋት። «አንተ ጠጣ፤ አንተ ወርደህ ዛፍ ሥር ትቆማለህ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አምስት ሰዓት አካባቢ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ቆምን። ጓሮው ውስጥ ሁለት በሮች አሉ፤ በአንዱ ላይ «ወንዶች»፣ በሌላው ላይ «ሴቶች» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የሴቶቹ በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። አስተናጋጁ «ቁልፉ እትዬ ጋ ነው፣ ገበያ ወጥተዋል» አለን። አውቶቡሱ ውስጥ ከሃያ በላይ ሴቶች ነበሩ። ትንሽ ከተንሾካሾኩ በኋላ በወንዶቹ ለመጠቀም ወሰኑ፤ እኔና አንድ ጓደኛዬ በሩ ላይ ዘብ እንድንቆም ታዘዝን። ግማሽ ሰዓት ቆምን። በመሃል አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መጡና «ምንድነው ልጄ፣ ይሄ የወንድ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ለጊዜው የሴት ሆኗል ጋሼ» አልኳቸው። ሳቅ ብለው ከአጥሩ ጀርባ ዞሩ።

እኔ ሳስበው የከረምኩት ስለ እሳቸው ከአጥር ጀርባ መዞር ነው። ለእሳቸው ሦስተኛ በር ነበራቸው። ለክፍላችን ልጆች ግን ክፍት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእነሱ አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ከተማ ውስጥ በየግድግዳው የሚጻፈውን «እዚህ ቦታ የሚሸና ይቀጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግሡ በወንዴ ፆታ ነው። «የምትሸና ትቀጣለች» የሚል ግድግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሴቶቹ የማይሸናቸው ይመስል!

ለመሆኑ መለየቱ ከመቼ ጀመረ?

ብዙዎቻችን የወንድና የሴት ሽንት ቤት መለየት ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በየከተማው እንደምናውቀው ያለ፣ ውኃ የሚለቀቅበት የሕዝብ ሽንት ቤት ግን የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተካሄደው ታላቅ ዐውደ ርእይ ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ የቧንቧ ባለሙያ ሽንት ቤቶች ሠርቶ ነበር፤ ሰዎች አንድ አንድ ፔኒ እየከፈሉ ከ800 ሺህ ጊዜ በላይ እንደተጠቀሙባቸው ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በየመንገዱ ሽንት ቤት መሥራት ስትጀምር በአብዛኛው የሠራችው ለወንዶች ነበር።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ጨዋ ሴት የምትውለው ቤቷ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ምን ያደርግላታል? ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ሽንት ቤት ስለሌለ ሴትየዋ ከቤቷ ርቃ መሄድ አትችልም። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን «የሽንት ገመድ» ብለው ይጠሩታል። ፍየል ችካል ላይ ስትታሰር ገመዷ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ እንደምትግጥ ማለት ነው። የአውቶቡሷ ልጅ ውኃ ያልጠጣችው ገመዷን ለማስረዘም ነበር።

ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ጆርጅ በርናርድ ሾው እንኳን በዚህ ጉዳይ ተከራክሯል። ሰውየው በለንደን የሴንት ፓንክራስ አካባቢ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ ለሴቶች የሕዝብ ሽንት ቤት ይሠራ ብሎ ሲሟገት ነገሩ «የማይነሣ ወሬ» ተብሎ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ጽሑፍ የሴቶችን የመምረጥ መብት ሲደግፍ አንዱ ማስረጃው ይኸው ነበር፤ ሴቶች ምክር ቤት ውስጥ ካልገቡ ወንዶቹ ይህን ጉዳይ አንሥተው እንኳ አይነጋገሩበትም የሚል።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ነገሩ በሕግ መልክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1887 የማሳቹሴትስ ግዛት ሴቶች በሚሠሩባቸው ፋብሪካዎች ለእነሱ የተለየ ሽንት ቤት እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እስከ 1920 ድረስ ከ40 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ቴሪ ኮጋን የተባሉ የሕግ ምሁር ሕጎቹ የወጡት «ሴት ደካማ ናት፣ ከወንድ ዓለም መከለል አለባት» ከሚል የዘመኑ እምነት ነው ብለው ይከራከራሉ። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ሴቶቹ ፋብሪካ ውስጥ ይደርስባቸው የነበረው ትንኮሳ እውነተኛ ስለነበር ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው የሚታየኝ። የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ የተንሻፈፈ ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛዋ ግን በሯን ዘግታ የምትቀመጥበት ቦታ አግኝታለች።

የራሷ በር አለማግኘት ምን እንደሚመስል የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ጃኔት ራንኪን ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ሴት አባላት ከመሰብሰቢያ አዳራሹ አጠገብ የራሳቸው ሽንት ቤት የተከፈተላቸው ግን በ2011 ነው። ዘጠና አራት ዓመት! ወንዶቹ ደርሰው ሲመለሱ እነሱ ራቅ ብለው መሄድና ድምፅ መስጫው እንዳያመልጣቸው መሮጥ ነበረባቸው።

ወረፋው ከየት ይመጣል?

አሁን ደግሞ ወደ ቁጥር። የጋዜጠኝነት ተማሪ ቁጥር አይወድም ይባላል፤ ይህቺ ግን ቀላል ስለሆነች ታገሡኝ።

አንድ አዳራሽ ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ስፋት ያለው ክፍል ሰጠ እንበል። በሴቶቹ ክፍል ውስጥ 10 መቀመጫ ገባ። በወንዶቹ በኩል ግን ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የመሽኛ ሳሕን ቦታ ስለማይፈጅ 2 መቀመጫና 10 ሳሕን፣ በድምሩ 12 ቦታ ተገኘ። ሴት በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ወንድ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ልብስ ማውለቅና መልበሱ፣ ልጅ ይዞ መግባቱ፣ የወር አበባው ተደምሮ ማለት ነው እንጂ ሴቶች መስታወት ፊት ስለሚቆሙ አይደለም። (ይህቺን የወንዶች ቀልድ እዚህ ላይ ብናቆማት ጥሩ ነው።) እንግዲህ አካፍሉ፦ የሴቶቹ ክፍል በሰዓት 400 ሰው ያስተናግዳል፣ የወንዶቹ 720። ስፋቱ እኩል፣ አገልግሎቱ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ በኮምፒውተር አስልተውት ነበር። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሴቶች ከ6 ደቂቃ በላይ ሲጠብቁ ወንዶች የሚጠብቁት 11 ሰከንድ ብቻ ሆኖ አገኙት። መቀመጫዎቹን ሁሉም በጋራ ሲጠቀሙባቸው ግን የሴቶቹ ወረፋ በጣም ያጥራል፤ የወንዶቹ ትንሽ ይረዝማል። ሌላው መፍትሔ በሩን ሳይነኩ ቁጥሩን መቀየር ነው። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ እንደ ስታዲየምና ቲያትር ቤት ባሉ አዳዲስ ቦታዎች ለአንድ የወንድ ሁለት የሴት እንዲሠራ አዝዛለች።

እኔም ከዚህ በኋላ ሕንፃ በገባሁ ቁጥር መቁጠር ጀምሬያለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ አዳራሽ የሴቶቹ 4፣ የወንዶቹ 3 መቀመጫና 5 ሳሕን ነው። ወንድ ሆኜ የሴቶቹን እንዴት ቆጠርክ እንዳትሉኝ፣ የቆጠረችልኝ ያቺው የአውቶቡሷ ልጅ ናት።

የግቢያችን ቁልፍ

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። እኔ ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። ግቢያችን ውስጥ ስድስት አባወራ ነበር፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ። የቆርቆሮ በር፣ ከውስጥ በሽቦ የምትጠመጠም ሚስማር፣ ከውጭ ጓጉንቸር። እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁልፍ አለው፤ የማጠቢያ ተራም አለ። ተራውን የዘለለ ሰው በቡና ሰዓት ስሙ ይነሣል። አባቴም፣ እማማ ጎረቤታችንም፣ የእሳቸው ሴት ልጆችም፣ ተከራዩ ወታደርም በዚያው በር ይገባሉ። በፆታ እንለየው ያለ ሰው አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ለምን ይሆን ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። «ሁሉም ይተዋወቃላ» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ «ማታ ግን ብቻዬን አልሄድም ነበር፤ አንተን አስከትዬ ነበር የምወጣው» አለች። ይህን ረስቼው ነበር። እውነትም የእጅ ባትሪ ይዤ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ለካ የአውቶቡሱ ዘብነት ለእኔ የመጀመሪያዬ አልነበረም!

እንግዲህ ከእናቴ መልስ የተረዳሁትን ልናገር። በግቢያችን መለየት ያላስፈለገው አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ማን እንደሚገባበት የሚታወቅ ቤት ስለሆነ ነው። አውሮፕላንም ውስጥ እንደዚያው ነው፤ ወንዱም ሴቱም በአንዱ በር ነው የሚገባው፣ ቅር ያለውም የለም። ጣጣው የሚመጣው ብዙ መቀመጫ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድሮ፣ ግድግዳው ከላይም ከታችም ክፍት ሆኖ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሆን ነው። እዚያ ላይ «ሴቶች» የሚለው ጽሑፍ ያልተሠራውን ግድግዳ ይተካል።

የእንግሊዝ አገር የሥራ ቦታ ደንብ ይህን በደንብ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ደንብ የወንድና የሴት ሽንት ቤት ይለይ ይልና፣ እያንዳንዱ ሽንት ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ ራሱን የቻለ ክፍል ከሆነ ግን መለየት ግድ አይደለም ይላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው የሕንፃ መመሪያም ለአዳዲስ የሕዝብ ሕንፃዎች በፆታ የተለየውን ዋና አድርጎ፣ ቦታ ካለ መታጠቢያውንም የያዘ ለማንኛውም ሰው የሚሆን ሙሉ ክፍል እንዲጨመር ያደርጋል። እዚያም በአሜሪካም ነገሩ ፆታቸውን የቀየሩ ሰዎች በየትኛው በር ይግቡ ከሚለው ክርክር ጋር ተያይዞ በጣም ግሏል፤ ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ላይ ሕግ አውጥታ በዓመቱ ሽራዋለች። የእኔ ጽሑፍ ግን ስለ ጓጉንቸሩ ስለሆነ ወደዚያ አልገባም።

ታዲያ ሁሉንም እንቀላቅል ወይ? አይደለም። የአክስቴ ልጅ ክፍለ አገር ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤታቸው የወንድና የሴት ሽንት ቤት ለየብቻ አለው፤ በወረቀት ሲታይ እንከን የለውም። የሴቶቹ በሮች ግን ሁለቱ ተገንጥለዋል፣ አንዱ አይዘጋም። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሹራብ ዘርግተው ይጋርዳሉ፣ አንዷ ትገባለች። ውኃ የለም፣ ሞዴስ የሚጣልበትም የለም። ልጅቷ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች። «ሆዴን አመመኝ» ብላ ነው የምታስፈቅደው። ክፍል ውስጥ በነበርንበት ጊዜ ሆዳቸውን ያመማቸው ልጆች ስንቶቹ እንደዚህ ይሆኑ ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የትምህርት ቤት ሽንት ቤቶችን ሲመዝኑ «መሠረታዊ» ለሚለው ደረጃ በፆታ መለየቱን ይጠይቃሉ። ግን እሱ ብቻ አይበቃቸውም፤ የሚሠራ፣ የሚደረስበት፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍና ግድግዳው ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። የእኛ አገር ሪፖርት አድራጊ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንጂ መቀርቀሪያውን አይመስለኝም። በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በገበያ ቦታ መለየቱ ይቅር የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የአክስቴን ልጅ ያነጋግራት።

በሌላ በኩል መለየቱ ራሱ የሚያግደው ሰው አለ። ማየት የተሳናት እናቱን ይዞ የሚሄድ ልጅ በየትኛው ይግባ? የአራት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መናኸሪያ የቆመ አባትስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች ሽንት ቤት እንዲኖር ደንግጎ ነበር። አንድ ሰፋ ያለ፣ ማንም የሚገባበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ቢጨመር እናትና ልጁም አባትና ልጅቷም ባንዴ ይገላገላሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ «ጽዱ ጎዳና ኑሮ በጤና» በሚል ዘመቻና ከአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት ጋር የሕዝብ ሽንት ቤት መሥራት መንግሥትም የሚናገርለት ነገር ሆኗል። ለዚህ ጽሑፍ ስል ከአዲሶቹ ወደ አንዱ ሄጄ ሒሳብ የሚቀበሉትን እናት አናገርኳቸው። ሁለት ጎን አለው፣ የወንድና የሴት፤ በሩም ይዘጋል፣ ውኃም አለ። «በበዓል ሰሞን እንዴት ያደርጉታል?» አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሴቱ ሰልፍ መንገድ ሲደርስ የወንዱን ጎን አስለቅቄ ለሴት እሰጣለሁ። ወንዱ ትንሽ ይቆማል፣ ምን ይሆናል?» አሉኝ። የቦታውን ስም እንዳልጽፍ አስምለውኛል። የጌንት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ያሰሉትን እሳቸው ሰልፉን በዓይናቸው ለክተው ይሠሩታል።

ይህን ጽሑፍ እየጨረስኩ ሳለ ለግንቦት የታቀደው የመስክ ጉዟችን ዝግጅት ተጀመረ። የክፍል ተጠሪያችን (ያቺው የአውቶቡሷ ልጅ ናት) ምሳ ወደምንበላበት ቤት አጠገቤ ሆና ደወለች። ሰውዬው «የወንድም የሴትም ለየብቻ አለን፣ አትስጉ» አላት። «እሱን አልጠየቅኩህም፤ ስንት በር ነው? ከውስጥ ይዘጋል ወይ? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» አለችው። ሄዶ አይቶ ተመለሰና የሴቶቹ ሁለት በር መሆናቸውን፣ የአንደኛው መቀርቀሪያ መውደቁን ነገራት። ለአንድ መቀርቀሪያና ለአራት ብሎን አዋጥተናል። ጠመንዣ መፍቻውን የማመጣው እኔ ነኝ።